ለትንንሽ ልጆች እንግሊዝኛ በቤተ ክርስቲያን የክረምት ፕሮግራም፦ ሀዋሳ ላይ እንዴት ይሠራ?

ሐምሌ ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ወላጅ ሥራ ላይ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ደግሞ አዳራሽም ሜዳም አለው። የክረምት ፕሮግራም ሲከፈት ብዙ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እንግሊዝኛ አለ ወይ?» ብሎ ነው። ይህ መመሪያ ከ4 እስከ 7 ዓመት ያሉ ልጆችን ለ6 ሳምንት ለሚያስተምሩ በጎ ፈቃደኞች የተዘጋጀ ነው። የከተማው ልጅም ሆነ ከውጭ አገር ለአጭር ጊዜ የመጣ እንግዳ ሊሠራበት ይችላል።

አካሄዱ ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ ይቆማል። በዚህ ዕድሜ ቋንቋ የሚገባው በጆሮና በሰውነት ነው፤ ፊደልና ሰዋስው ኋላ ይደርሳሉ። ስለዚህ ጥቂት ቃል ይዛችሁ ብዙ ደጋግሙ። በ6 ሳምንት 40 ቃል በትክክል የሚሰማ ልጅ፣ 200 ቃል በዜማ ሸምድዶ አንዱንም ለይቶ ማሳየት ከማይችል ልጅ እጅግ ይሻላል።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት

በአንድ ክፍል ከ20 ልጅ በላይ አትመዝግቡ። ለ20 ልጅ አንድ መሪ መምህርና ሁለት ረዳት ያስፈልጋል። ሦስተኛው ሰው ትርፍ አይደለም፦ አንዱ ልጅ ሽንት ቤት ሲወሰድ ክፍሉ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ መቅረት አለበት። የ4 እና የ5 ዓመቶቹን ከ6 እና ከ7 ዓመቶቹ ለዩ። አንድ ላይ ከሆኑ ትልልቆቹ ይመልሳሉ፣ ትንንሾቹ ከንፈር እያዩ ያንቀሳቅሳሉ፣ መምህሩም ሁሉም የገባው ይመስለዋል።

ሰዓቱን ጠዋት ከ3፡00 እስከ 4፡30 አድርጉት፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ብዙ ጊዜ ያቋርጣል። ቀኖቹን ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ብታደርጉ መክሱ ከረቡዕና ዓርብ ጾም ጋር አይጋጭም። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ግን ፍልሰታ ነው፤ ሕፃናት ጭምር የሚጾሙት ጾም ስለሆነ ከኦርቶዶክስ ቤት የሚመጡ ልጆች ካሉ ወተትና እንቁላል ከመክስ ይውጣ። ቅዳሴ ሳይወጣ የማይበላ ልጅ ካለም ድርሻው በስሙ ተቀምጦ ይሰጠው እንጂ «ብላ» አትበሉት። ሙዝና ተራ ዳቦ ለሁሉም ይስማማሉ። ለውዝና ቆሎ ለትንንሾቹ ስለሚያንቃቸው አይቅረቡ። ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ስለሆነ ከተማው በእንግዳ ይጨናነቃል፤ ያን ዕለት ትምህርት አትያዙ።

የመመዝገቢያው ወረቀት ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ፣ የወላጅ ስልክ፣ ልጁን የሚወስደው ሰው ስም እና የማይስማማው ምግብ ይጻፍ። «ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ» የሚለውን አትዝለሉት። ሀዋሳ ውስጥ አንድ ምንጣፍ ላይ ቤታቸው ሲዳምኛ፣ አማርኛና ወላይትኛ የሚናገሩ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ከረዳቶቹ ቢያንስ አንዱ ሲዳምኛ የሚናገር መሆን አለበት። የምታስተምሩት ትምህርት የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ እንደሚጨምር ደግሞ ለወላጅ በቃልም በጽሑፍም በግልጽ ንገሩ። እንግሊዝኛ ብቻ መስሏቸው ልጃቸውን የላኩ፣ ሌላ እምነት ያላቸው ቤተሰቦች ኋላ ቢሰሙ የሚያዝኑት በተደበቁት ነገር ነው። ታሪኩን እንዲሰማ የማይፈልጉለት ልጅ በዚያ ሰዓት ከአንድ ረዳት ጋር በር ተከፍቶ፣ ለሌሎች በሚታይ ቦታ ይሳል። መክሱም ቦታውም እኩል ይጠበቅለት።

ለዕቃ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከሱቅ ባዶ ካርቶን ለምኑና በደብተር መጠን 40 ካርድ ቁረጡ። በአንድ ካርድ አንድ ስዕል ብቻ በወፍራም ፓርከር ሳሉ፤ ከአዳራሹ ጫፍ ሆኖ የሚያይ ልጅ እንዲለየው ስዕሉ ካርዱን ይሙላ። ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኑ፣ አለዚያ በሁለተኛው ሳምንት ይላጣል። ከአሮጌ ካልሲ የተሠራ አንድ የጨርቅ ኳስ፣ ለመቁጠሪያ 60 ያህል የታጠበ ቆርኪ (ጠርዙ ስለት ያለው ይጣል፤ ለ4 ዓመቶቹ ደግሞ አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱት በትልልቅ የካርቶን ክብ ይተካ)፣ ከለር እርሳስ፣ መቅረጫ፣ ሰሌን ወይም ምንጣፍ ይዘጋጅ። ስም የሚጻፍበት ወረቀት በፕላስተር ደረት ላይ ይለጠፍ እንጂ በክር አንገት ላይ አይንጠልጠል፤ ሲሯሯጡ ክሩ ይይዛቸዋል። ስማቸውን በሁለተኛው ቀን ያዙ። «ማሙሽ» እና «ሚሚ» ብቻ ተብሎ የሚጠራ ልጅ ለእሱ እየተነገረ መሆኑን አያውቅም።

የአንድ ቀን ትምህርት ቅርጽ

90 ደቂቃው እንዲህ ይከፈላል፦ ሰላምታና ስም መጥራት 10 ደቂቃ፣ የትእዛዝ ጨዋታ 15፣ አዲስ ቃል 20፣ መክስ 15፣ ታሪክና የእጅ ሥራ 20፣ ስንብት 10። ቅደም ተከተሉን በየቀኑ አትቀያይሩ። ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቅ ልጅ እንግሊዝኛው ባይገባው እንኳ ከሁኔታው ይገምታል፤ ግምቱ ሲሳካለት ቃሉ ይያዛል።

አዲስ ቃል በሳምንት 8 ነው፤ በመጀመሪያው ቀን 3፣ በሁለተኛው 3፣ በሦስተኛው 2። የመጀመሪያው ሳምንት የአካል ክፍሎች፣ ሁለተኛው ቀለማት፣ ሦስተኛው ቁጥርና ምግብ፣ አራተኛው እንስሳት፣ አምስተኛው ቤተሰብ ይሁን። በስድስተኛው ሳምንት አዲስ ቃል የለም። ተመሳሳይ ነገሮችን በአንድ ቀን አታምጡ። ሰማያዊና አረንጓዴን፣ ወይም ትልቅና ትንሽን አብሮ የተማረ ልጅ ሁለቱንም ያውቃል፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን ያምታታል። አንዱ ከጸና በኋላ ሌላው በሌላ ቀን ይምጣ።

ሰላምታ ላይ አንድ የተለመደ ነገር ይጠብቃችኋል። «ጉድ ሞርኒንግ» ስትሉ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር፣ አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ!» ብሎ ይጮሃል፤ «ደህና ናችሁ?» ሳትሉ መልሱ መጥቷል። አትቆጡ፣ ግን በዚያ አትለፉት። ኳሱን ለአንድ ልጅ ወርውሩና በስሙ ጠርታችሁ «ሄሎ» በሉት፤ እሱም ለሌላ ወርውሮ «ሄሎ» ይበል። በሦስት ደቂቃ ውስጥ የጅምላ ዜማው ወደ ሁለት ሰው ንግግር ይለወጣል።

የትእዛዝ ጨዋታው

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ አሸር በ1960ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፦ መምህሩ ያዛል፣ ልጁ በሰውነቱ ይመልሳል፣ አፉን ለመክፈት ግን አይገደድም። አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. በመጀመሪያው ቀን 4 ትእዛዝ ብቻ ያዙ፦ «ስታንድ አፕ»፣ «ሲት ዳውን»፣ «ጃምፕ»፣ «ስቶፕ»።
2. እናንተ እያላችሁ ራሳችሁ አድርጉት፤ ልጆቹ ይከተሏችሁ። እያንዳንዱን 5 ወይም 6 ጊዜ ድገሙ።
3. ቀጥሎ እናንተ ሳትንቀሳቀሱ በቃል ብቻ እዘዙ። የገባውና ያልገባው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጎረቤቱን አይቶ ዘግይቶ የሚነሣውን ልብ በሉ፤ በሚቀጥለው ዙር ከፊት ቁሙለት።
4. ቅደም ተከተሉን አዘበራርቁ። ሁልጊዜ ከ«ስታንድ አፕ» በኋላ «ሲት ዳውን» የምትሉ ከሆነ ልጆቹ የሚሰሙት ቃሉን ሳይሆን ተራውን ነው።
5. ከሳምንት በኋላ ማዘዝ የሚፈልግ ልጅ ይምጣና ይዘዝ፤ ማንንም አትጎትቱ።

የተሳሳተ የሚወጣበትን ጨዋታ እዚህ አትጠቀሙ። መጀመሪያ የሚወጣው ይበልጥ መለማመድ ያለበት ልጅ ነው፤ ቀሪውን ደቂቃ ግድግዳ ተደግፎ ያሳልፈዋል።

ዝም የሚል ልጅ ያጋጥማችኋል። ሁለት ሦስት ሳምንት አንድ ቃል ሳይወጣው ትእዛዙን ሁሉ በትክክል የሚፈጽም ከሆነ እየተማረ ነው። «አፍህን ክፈት እንጂ!» ማለት የሚያስገኘው እንባ ብቻ ነው። በተቃራኒው «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይነግራችሁም፤ መልሱ ሁልጊዜ «የስ ቲቸር!» ነው። የገባው መሆኑን በእጁ ያሳያችሁ፦ ይጠቁም፣ ያምጣ፣ ይቀባ።

አንድ ትምህርት ከቅርብ፦ 5 እንጀራና 2 ዓሣ

ይህ ታሪክ ለሀዋሳ ልጅ የተሠራ ይመስላል። አሞራ ገደል ዓሣ ሲሸጥ ያየ፣ ቆሮሶ ተጠብሶ የበላ ልጅ «ፊሽ» የሚለውን ቃል ለማስረዳት ስዕል እንኳ አያስፈልገውም።

ከካርቶን 5 ክብ ዳቦና 2 ዓሣ ቁረጡ፤ አንድ ቅርጫት አዘጋጁ። መጀመሪያ ታሪኩን በልጆቹ ቋንቋ፣ ያለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ በአራት ደቂቃ ተርኩ፦ የተራበው ሕዝብ፣ ምሳውን የሰጠው ልጅ፣ ኢየሱስ አመስግኖ ማከፋፈሉ፣ የተረፈው 12 መሶብ። ረዳቱ ለሲዳምኛ ተናጋሪዎቹ በአጠገባቸው ተቀምጦ ይንገራቸው። በዚህ ነገር ላይ አቋማችን ጽኑ ነው፦ የእምነትን ነገር ልጁ በማይሰማው ቋንቋ አትንገሩት። ጸሎቱም ታሪኩም በእናቱ ቋንቋ ይሁን፤ እንግሊዝኛው ዕቃዎቹን ለመጥራትና ለመቁጠር ይበቃል። ሁለቱን አደባልቀው በእንግሊዝኛ ብቻ የሚተርኩ ፕሮግራሞች ልጆቹን ከታሪኩም ከቋንቋውም ያጎድሏቸዋል።

በሁለተኛው ትረካ ዓረፍተ ነገሩ በአማርኛ ይቆይና ዕቃዎቹ በእንግሊዝኛ ይጠሩ። «አንድ ልጅ መጣ። በእጁ ምን ይዟል?» ብላችሁ ካርቶኑን ከፍ አድርጉ፤ «ብሬድ!» ይበሉ። ስትቆጥሩ ተጠንቀቁ። እንግሊዝኛ ዳቦን እንደ ዱቄት ቆጥሮ ብዙ ቁጥር ስለማይሰጠው «ፋይቭ ብሬድስ» ስሕተት ነው፤ ዓሣም በተለመደው አነጋገር «ቱ ፊሽ» እንጂ «ቱ ፊሽስ» አይባልም። ስለዚህ በዳቦው ላይ ጣታችሁን እያስቀመጣችሁ «ዋን፣ ቱ፣ ትሪ፣ ፎር፣ ፋይቭ» ብላችሁ ቁጠሩና መጨረሻ ላይ «ብሬድ!» ብቻ በሉ። ለዓሣው «ዋን ፊሽ፣ ቱ ፊሽ» ይበቃል። ሕጉን ለልጅ አታብራሩ፤ ትክክለኛው ብቻ ጆሮው ይግባ።

ቀጥሎ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጉና ለእያንዳንዱ ጥንድ 5 ቆርኪ ስጡ። አንዱ «ብሬድ ፕሊዝ» ይላል፣ ሌላው «ሂር ዩ አር» ብሎ አንድ ይሰጣል፣ የተቀበለው «ታንክ ዩ» ይላል። 5ቱ ሲያልቁ ቦታ ይለዋወጡ። እናንተና ረዳቱ ይህን መጀመሪያ ፊት ለፊት ሦስት ጊዜ አሳዩ፤ በቃል ገለጻ ብቻ ከጀመራችሁት ቆርኪው ወደ ኪስ ይገባል።

በዚያ ቀን መክሱን ከታሪኩ በኋላ አድርጉት፤ ቅደም ተከተሉ ቢቀየርም ዋጋ አለው። እውነተኛውን ዳቦ ቅርጫት ውስጥ ይዛችሁ ዙሩ፤ እያንዳንዱ ልጅ በዓረፍተ ነገሩ ይጠይቅ። መጠየቅ ያልቻለ ልጅ ግን ሳይሸማቀቅ ይሰጠው፤ ቃሉን እናንተ በቀስታ በሉለት፣ ዳቦውም እጁ ላይ ይረፍ። ምግብ የፈተና ሽልማት አይሁን። ከረሜላም እንዲሁ፦ ለጎበዝ ከረሜላ መስጠት ከተጀመረ በሁለተኛው ቀን ልጆቹ የሚያዩት ኪሳችሁን ነው።

ፊደልና ድምፅ

ወላጅ «ኤቢሲዲ መቼ ትጀምራላችሁ?» ይላል። ለ4 እና ለ5 ዓመቶቹ መልሱ «በዚህ ክረምት አንጀምርም» ነው። ለ6 እና ለ7 ዓመቶቹ ከአራተኛው ሳምንት ወዲህ በቀን አንድ ፊደል ይቻላል፤ ግን የፊደሉን ስም ሳይሆን ድምፁን አስተምሩ፦ «ኤም» ሳይሆን «ምምም»፣ «ኤስ» ሳይሆን «ስስስ»።

እዚህ ላይ ሀዋሳ የራሷ ጣጣ አላት። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በዚያ አጻጻፍ «ሲ» የምንለው ፊደል «ጭ» ተብሎ ይነበባል፣ «ኤክስ» ደግሞ «ጥ»። አንደኛ ክፍልን በሲዳምኛ የጨረሰ ልጅ የድመትን የእንግሊዝኛ ስም «ጨት» ወይም «ጫት» ብሎ ቢያነብ በተማረው ደንብ ትክክል ነው፤ «ተሳስተሃል» የሚባለው ልጅ የሚያውቀውን ንባብ ጭምር መጠራጠር ይጀምራል። በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅም እንዲሁ ነው። መፍትሔው በእንግሊዝኛም ልጁ ማንበብ በተማረበት ቋንቋም ድምፃቸው አንድ ከሆኑት መጀመር ነው፦ ኤም፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ ቢ። ሲ፣ ኤክስ፣ ኪው እና አናባቢዎቹ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆዩ።

አነጋገር ላይ ሁለት ነገር ይበቃል። «ስቶፕ» የሚለው «እስቶፕ»፣ «ስኩል» የሚለው «እስኩል» ይሆናል፤ በቋንቋችን ሁለት ተነባቢ ተጣብቆ ቃል ስለማይጀምር ነው። እንደ እባብ «ስስስስ» ብላችሁ አስረዝሙና «ቶፕ» የሚለውን ጨምሩ፤ «እ»ዋ ትጠፋለች። ምላስ በጥርስ መካከል የሚወጣበትን ድምፅ ግን፣ «ታንክ ዩ» ላይ እንዳለው፣ አታስጨንቁበት። የ6 ዓመት ልጅ የፊት ጥርሱ ወልቆ ሊሆን ይችላል። ልጁ ሲሳሳት «አይደለም» አትበሉ፤ ትክክለኛውን ራሳችሁ ደግማችሁ በሉና ቀጥሉ።

ዝናብ፣ መብራትና ጩኸት

የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ከሆነ ዝናብ ሲወርድ ማንም ማንንም አይሰማም። በዝናብ ላይ መጮህ ጉሮሮ ከመፍጀት በቀር የሚሰጠው ነገር የለም። ለዚያ ሰዓት ድምፅ የሌለው ሥራ አስቀምጡ፦ የተማሩትን ካርድ ከፍ አድርጋችሁ በምልክት ያሳዩ፣ ወይም የዕለቱን ቃል ይሳሉ። ዝናቡ ቀለል ሲል «ኢትስ ሬይኒንግ» ለማለት ከዚህ የተሻለ ጊዜ ስለሌለ በመስኮት እያሳያችሁ ዓረፍተ ነገሯን አስገቧት። ዛፍ ላይ አባ ኮዳ ወይም ጉሬዛ ከመጣም ትምህርቱን አቋርጣችሁ አሳዩ፤ «በርድ» እና «መንኪ» ያለ ካርድ ይያዛሉ።

ድምፅ ማጉያና ስፒከር ላይ የተመሠረተ ዕቅድ መብራት ሲጠፋ ይወድቃል። ፀጥታ ለማስያዝም ማጉያ አይጠቅምም፤ እጅ ከፍ ማድረግና በሹክሹክታ መናገር ይሻላል። መጀመሪያ የሰሙት እጃቸውን ያነሣሉ፣ ሌሎቹ ይከተላሉ።

ከውጭ የመጣ እንግዳ ሲኖር

ለሁለት ሳምንት የሚመጣ እንግዳ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ልጆቹ እንግሊዝኛ ሰው የሚነጋገርበት ቋንቋ መሆኑን ያያሉ። ክፍሉን ግን የአገሩ መምህር ይምራ። እንግዳው በመጀመሪያው ቀን ምንጣፍ ላይ ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ትእዛዙን ይፈጽም፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የንግግሩ ሁለተኛ ሰው ይሁን። ረጅም ዓረፍተ ነገር ተናግሮ መምህሩ በአማርኛ የሚተረጉምለት ከሆነ ልጆቹ እንግሊዝኛውን መስማት ያቆማሉ፤ ትርጉሙ እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ይጠብቁታል። አጭር ይናገር፣ በእጁ ያሳይ፣ ይድገም።

ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት። ስጦታ ለልጅ በእጅ አይሰጥም፤ ለፕሮግራሙ ይሰጥና ሁሉም ይጠቀምበታል። ያለ ወላጅ ፈቃድ ፎቶ አይነሣም። የሚሄድበትን ቀን ከመጀመሪያው ለልጆቹ ይነግራል፣ «እመለሳለሁ» የሚል ቃል አይሰጥም።

የመጨረሻው ሳምንት

እያንዳንዱን ልጅ፣ ሌሎቹ እየተጫወቱ፣ እዚያው አዳራሽ ጥግ ላይ ለሁለት ደቂቃ አስቀምጡት። 10 ካርድ ዘርጉና «ፖይንት ቱ ዘ ፊሽ» እያላችሁ ያሳያችሁ፤ ከዚያ ካርዱን ይዛችሁ «ዋትስ ዲስ?» በሉ። የሰማውንና የተናገረውን ለየብቻ መዝግቡ። ከሚናገረው ይልቅ የሚሰማው መብዛቱ ጤናማ ነው። ደረጃ፣ ማለትም አንደኛ ሁለተኛ፣ አታውጡ።

የወላጆች ቀን ካለ የተሸመደደ ትዕይንት አታዘጋጁ። ልጆቹ ወላጆቻቸውን ይዘዙ፦ «ስታንድ አፕ! ጃምፕ! ስቶፕ!» ሃያ ወላጅ ሲዘል ማየት ለልጅ ታላቅ ደስታ ነው፤ ቃሉን በእርግጥ እንደሚያውቅም ይታያል። ለወላጅ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ እንግዳ ፊት «እስኪ በእንግሊዝኛ ተናገር» አይበሉት፤ ቤት ውስጥ ዳቦ ሲጠይቅ «ሂር ዩ አር» ይበሉት።

ካርዶቹን በሳምንት በሳምንት ለዩና በፕላስቲክ ከረጢት አሥራችሁ ከወለል ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጡ፤ የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት ካርቶን ያሻግታል፣ የቀረውን አይጥ ይጨርሰዋል። የልጆቹን የመመዝገቢያ ወረቀትና የሁለት ደቂቃውን መዝገብ ግን የፕሮግራሙ ኃላፊ ይቆልፍበት፤ በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ የሚመጣ ልጅ ከየት እንደሚቀጥል የሚታወቀው በዚያ ነው።